ያለ መኪና፣ ከልጆችና ከእናቴ ጋር፦ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የት የት መውጣት ይቻላል?

የጀሞው አባወራ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ክረምቱ አልፎ ሜዳው በአደይ አበባ ስለተሸፈነ ለቤተሰቤ የገባሁትን ቃል የምፈጽምበት ጊዜ ደርሷል፤ የምታውቁትን እንድታካፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የዘጠኝና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች አሉኝ፤ የቤት ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ ያለው ጊዜ በሙሉ ስልክ ላይ ያልቃል። እናቴም አብረውን ይኖራሉ፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ዳገት መውጣት አይሆንላቸውም፣ ይሁን እንጂ ከሕመሙ ይልቅ ቤት ተዘግቶ መዋሉ እንደሚብስባቸው ሳይነግሩኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም።

መኪና የለንም። ባለቤቴና እኔ ሪዞርት ሄዶ መዋልን አስበን ነበር፣ ነገር ግን የመግቢያውንና የምሳውን ዋጋ ለአምስት ሰው ስናሰላው የወሩን አስቤዛ የሚነካ ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ የምፈልገው በአንድ በኩል ብዙ ሳንዘጋጅ ቅዳሜ ወይም እሑድ ጠዋት ደርሰን የምንመለስበት ቅርብ ቦታ፣ በሌላ በኩል ደግሞ አልፎ አልፎ በማለዳ ተነሥተን ሳይመሽ ቤታችን የምንገባበት ራቅ ያለ ጉዞ ነው። ልጆቼ በቴሌግራም የሚያስተዋውቁ የሃይኪንግ ቡድኖችን አይተው እንሂድ እያሉ ይወተውቱኛል፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይዞ ከእነዚህ ቡድኖች ጋር መሄድ ተገቢ ነው ትላላችሁ?

የእሑድ ተጓዥ

የሩቁን ከማሰብዎ በፊት የቅርቡን እንዲያስለምዷቸው እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ልጅ በዓመት ሁለት ጊዜ ሩቅ አገር ስለሄደ ከስልኩ አይላቀቅም፣ እሑድ ጠዋት መውጣት የቤቱ ደንብ ሲሆን ግን ራሱ ቀስቅሶ ያወጣዎታል። መስቀል አደባባይን ጨምሮ በብዙ የከተማዋ ክፍሎች እሑድ ጠዋት ማስ ስፖርት የሚሠራ ሰው አይጠፋም፤ ክፍያም ምዝገባም የለውም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል ዋና ዋና መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ ሲለቀቁም ልጆች በአስፋልቱ መሐል ኳስና ብስክሌት ይዘው ሲሯሯጡ ማየት ያስደስታል። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችም ለእናትዎ ጉልበት የሚስማሙ ናቸው፤ ዳገት ከሌለው ክፍል ጀምረው፣ ሲደክማቸው አግዳሚ ወንበር ላይ እያሳረፉ መሄድ ይችላሉ።

ከዚያ በኋላ እንጦጦ አለ። ብዙ ሰው እንጦጦን ከታች ወደ ላይ በእግሩ ካልወጣ የወጣ አይመስለውም። ለእርስዎ ቤተሰብ የሚሻለው ግን ተቃራኒው ነው፦ ከሽሮ ሜዳ በታክሲ እስከ እንጦጦ ማርያም ይውጡና እናትዎ ከቅጥሩ ውስጥ ይረፉ፤ ባለቤትዎ አብረዋቸው ሆነው ሙዚየሙንና አጠገቡ ያለውን የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ይጎብኙ። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡት እዚሁ ማርያም መሆኑን ለልጆቹ ቢነግሯቸው፣ ከዚያም በላይ ያች ጠባብ የጭቃና የእንጨት ቤት ቤተ መንግሥት እንደነበረች በዓይናቸው ቢያዩ፣ የክፍል ውስጥ ትምህርቱ ሌላ መልክ ይይዛል። እርስዎ ደግሞ ልጆቹን ይዘው ወደ ራጉኤል በሚወስደው መንገድ በእግር ይሂዱ። ቦታው ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ለከተማው ሰው እንኳን ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ልጆቹ መሮጥ ሲጀምሩ አይቆጧቸው፣ አየሩ ራሱ ያስቆማቸዋል።

በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ንጹሕ የእግር መንገድና ጥበቃ ስላለው ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ይመቻል፤ የውስጥ መዝናኛዎቹ ዋጋ ግን እንደ ሪዞርቱ ሊሆንብዎት ስለሚችል፣ ምሳ ቋጥሮ ሄዶ በእግር ብቻ መዝናናት እንደሚቻል አስቀድመው ከልጆቹ ጋር ይስማሙ። ከፓርኩ ውጭ ወዳለው የባሕር ዛፍ ጫካ ብቻዎን ልጆች ይዘው እንዳይገቡ አደራ እላለሁ፤ ዘረፋ የሚያጋጥምበት ጊዜ አለ፣ ሲመሽም የጅብ መተላለፊያ ነው። ጸጥታ ለሚወድ ሰው በከተማዋ ሰሜን ምዕራብ በ705 ሄክታር ላይ ያረፈው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ከእንጦጦ ይሻላል ባይ ነኝ። ባሕር ዛፉ በአገር በቀል ዛፎች እየተተካ ስለሆነ ኮሶና ጽድ ምን እንደሚመስሉ ለልጅ ማሳየት ይቻላል።

ስለ ሃይኪንግ ቡድኖቹ የጠየቁትን በተመለከተ፣ ቡድኖቹ ጥሩ ናቸው፣ ነገር ግን ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው የኪሎ ሜትሩ ርዝመት ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። አዘጋጁን የዳገቱን ከፍታ፣ የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ይዞ የሚሄድ ሰው መኖር አለመኖሩን፣ ከኋላ የሚቀረውን ሰው የሚጠብቅ አስተባባሪ መመደቡን ይጠይቁ። መልሱ የተድበሰበሰ ከሆነ ይተዉት። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ ቀላሉን መንገድ ይወጣዋል፤ የዘጠኝ ዓመቱ ግን ወጣቶቹ ፍጥነት ሲጨምሩ ጀርባዎ ላይ መሆኑ አይቀርም። ስንቁን ደግሞ ቀላል ያድርጉት፦ ጭኮ፣ ቆሎ፣ ቅቅል ድንችና በቂ ውሃ ከማንኛውም ታሽጎ ከሚሸጥ ብስኩት ይበልጣል።

ወፍ ወዳድ

ከእኔ በፊት የጻፉት ወንድሜ ስለ ቅርቡ የሰጡት ምክር ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ከዚያም ይበልጥ ቅርብ የሆነውን ልጨምር፣ ማለትም የራስዎን በረንዳ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ሲታዩ፣ ከእነዚህ ውስጥ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የማይገኙት ጥቂቶቹ አዲስ አበባ ጣሪያ ላይ ያድራሉ። ጠዋት እየጮኸ የሚቀሰቅስዎት፣ ረጅም ቆልማማ መንቁር ያለው ጋጋኖ አንዱ ነው፤ የአውሮፓ ወፍ አጥኚዎች እርሱን ለማየት ብለው ገንዘብ ከፍለው ይመጣሉ። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበትን ወፍራም መንቁር ቁራና አንገቷ ላይ ነጭ ቀለበት ያላትን የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ርግብም ልጆችዎ በአንድ ጠዋት ሊለዩ ይችላሉ። ለእያንዳንዳቸው ደብተር ይስጧቸው፤ ያዩትን ወፍ በሥዕልም ይሁን በቃል፣ ከሰዓቱና ከቦታው ጋር ይመዝግቡ። ይህን ሥራ እናትዎም ከወንበራቸው ሳይነሡ ሊካፈሉት ይችላሉ፤ እንዲያውም ገጠር ያደጉ ከሆነ የወፎቹን የአገር ቤት ስም የሚያስተምሩት እሳቸው ይሆናሉ።

ደብተሩ መሙላት ሲጀምር በአምቦ መንገድ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ገፈርሳ ይውሰዷቸው። ግድቡ የከተማው የመጠጥ ውሃ ምንጭ ስለሆነ ወደ ዳሩ ለመጠጋት ጥበቃዎቹን ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ ከመንገድ ዳር ሆነው ቢመለከቱም ግን አያጡም። እዚያ የሚፈልጉት በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚኖረውን ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ነው። ሲያርፍ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ጀርባው ላይ ስለሚያስደግፍ፣ ከሩቅ ሲታይ ጭንቅላት የሌለው ግራጫ ድንጋይ ይመስላል፤ ልጆች «የት አለ?» እያሉ ሲፈልጉት ቆይተው በድንገት ድንጋዩ መራመድ ሲጀምር የሚያሰሙት ሳቅ ሌሎቹን ወፎች ሁሉ ያስነሣል። ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ስደተኛ ወፎች ስለሚጨመሩ እስከ የካቲት ድረስ ያለው ጊዜ ከሁሉ የተመረጠ ነው። ባይኖኩላር መዋስ ከቻሉ ይዋሱ፤ ከሌለም ትዕግሥት ይበቃል።

ለሙሉ ቀን ጉዞ ደግሞ የእኔ ምርጫ መናገሻ ሱባ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 3,385 ሜትር ከፍታ ባለው የወጨጫ ተራራ ጎን ላይ የሚገኝ ደን ሲሆን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል፤ በአፍሪካ ከጥንት ጀምረው ጥበቃ ሲደረግላቸው ከኖሩ ደኖች አንዱ ተብሎ የሚጠቀሰውም ለዚህ ነው። ዝግባው፣ ጽዱ፣ ወይራውና ኮሶው በአንድ ላይ ቆመው፣ ከላይ ሲወጡ አስታው ይጀምራል። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ ነጭ ጅራታቸው ከኋላ እንደ ነጠላ ዘርፍ ይበተናል። ልጆቹን እጃቸውን በደንብ እንዲያስተውሉ ይንገሯቸው፤ ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፣ ቅርንጫፉን በአራቱ ጣቶቹ ብቻ እንደ ሜንጦ ይዞ ነው የሚወዛወዘው። ዕድለኛ ከሆኑ የምኒልክ ድኩላም መንገድ ያቋርጥብዎታል፤ ለዚህ ግን ዝምታ ያስፈልጋል፣ ከልጆች ጋር ዝምታ ደግሞ የት ይገኛል።

የቡታጅራ መስመር ወዳጅ

እርስዎ ጀሞ እየኖሩ ሁሉም ሰው ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ሲልክዎት ዝም ማለት አልቻልኩም። ከደጅዎ በዓለም ገና በኩል የሚነሣው የቡታጅራ መንገድ፣ ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተደርሶ ከሚመለስባቸው መስመሮች ሁሉ ብዙ ነገር በአጭር ርቀት የያዘ ሆኖ ሳለ፣ ሰው ወደ ሌላ ቦታ ሲያልፍ ብቻ የሚያየው መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የመጀመሪያው ማረፊያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ አዋሽ ወንዝ ገና ሕፃን ሳለ የሚሻገሩበት መልካ ቁንጡሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከባልጪት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የጥንት ሰው ከሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ በተከታታይ የኖረበት ቦታ ሲሆን፣ ሙዚየሙ ሣር ክዳን ባላቸው ክብ ጎጆዎች ውስጥ ስለተደራጀ ልጅ አይሰለችም። ለልጆችዎ አንድ ነገር ብቻ ቢነግሯቸው ይህን ይንገሯቸው፦ ከ700,000 ዓመት በፊት በአንዲት የውሃ ጉድጓድ ዳር፣ አዋቂዎችና ሕፃናት በእርጥብ ጭቃ ላይ የተዉት የእግር ዱካ እዚህ ቁፋሮ ላይ ተገኝቷል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን ሲሰማ በመጀመሪያ የሚያደርገው የራሱን ጫማ አውልቆ ጭቃ መፈለግ ነው፤ ይተዉት። ከባልጪት የሚመጣውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት፣ ኦብሲዲያን የሚባለውን ድንጋይም አስጎብኚው ያሳያቸዋል፤ ጠርዙ ወረቀት ይቆርጣል። ከቦታው ግን አንዲት ፍንካች እንኳን በኪስ ይዞ መውጣት እንደማይፈቀድ አስቀድመው ይንገሯቸው።

ከዚያ ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ ታጥፎ አዳዲ ማርያም አለች። ከአንድ አለት የተፈለፈለች፣ እስከ ዛሬ የሚቀደስባት ቤተ ክርስቲያን ስትሆን፣ በአፈ ታሪክ ለቅዱስ ላሊበላ ትሰጣለች። ላሊበላ ለመሄድ ጉልበታቸው ላልፈቀደላቸው እናትዎ ይህች ከሁሉ በላይ የምታስደስታቸው ይመስለኛል፤ ውስጧ ጨለማ ስለሆነ ግን እጃቸውን የሚይዝ ሰው ከጎናቸው አይለይ። ዋናውን መንገድ ይዘው ሲቀጥሉ ከአዲስ አበባ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጥያ ይደርሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ የመቃብር ሥፍራ 36 ትክል ድንጋዮች ሲኖሩት፣ ከእነዚህ 32ቱ ሰይፍና ሌሎች ምልክቶች የተቀረጹባቸው ናቸው። ሥፍራው ሜዳ ነው፤ እናትዎ ያለ ችግር ይዞሩታል። ልጆቹ በየድንጋዩ ላይ ያሉትን ሰይፎች ቆጥረው ውጤታቸውን እንዲያወዳድሩ ቢያደርጓቸው ከአስጎብኚው ጋር ክርክር እስኪገጥሙ ድረስ ይቆጥራሉ።

ሦስቱንም በአንድ ቀን ለማየት የሕዝብ ትራንስፖርት አያመችም፤ በተለይ ወደ አዳዲ የሚታጠፈው መንገድ ላይ ተሽከርካሪ ሲጠበቅ ግማሽ ቀን ሊያልፍ ይችላል። ጎረቤት አስተባብረው አንድ ሚኒባስ ኮንትራት ቢይዙ ወጪው ለየቤቱ ይከፈላል። ወጪ መቀነስ ከፈለጉ አዳዲን ለሌላ ጊዜ አቆይተው በቡታጅራ አውቶቡስ መልካ ቁንጡሬንና ጥያን ብቻ ማየት ይቻላል። ሌላ ጊዜ አድረው ለመምጣት ቢያስቡ ከቡታጅራ ወደ ደቡብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ ሐረ ሸይጣን የተባለውን አረንጓዴ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ይጨምሩ፤ ከአፋፉ የተወረወረ ድንጋይ ውሃው ላይ አይደርስም ይባላል፣ ልጆችዎም ይህን ሳይሞክሩ አይመለሱም። አፋፉ ግን ገደል ነውና እጃቸውን ይያዙ።

ከቢሾፍቱ

ቢሾፍቱን ማንም ያላነሣው በሪዞርቶቹ ዋጋ ምክንያት እንደሆነ ይገባኛል፤ የከተማዋ ነዋሪ ሆኜ እኔም የሐይቆቹ ዳር አብዛኛው በአጥር መያዙን አልወደውም። ሆኖም ሐይቅ ለማየት የግድ ሪዞርት መግባት አያስፈልግም። በባቦጋያና በሆራ አካባቢ ሻይና አሳ ብቻ አዝዘው የሚቀመጡባቸው አነስተኛ ቤቶች አሉ፤ ሰው የሚያልፋት ጨለለቃም ጥልቀት የሌላት ረግረጋማ ሐይቅ በመሆኗ ለወፍ ወዳዱ ደብተር ብዙ ትጨምራለች። ልጆቹ በእነዚህ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ውስጥ እንዲዋኙ ግን አይፍቀዱ፤ ከዳሩ ጥቂት ራቅ እንዳሉ ወዲያው ጥልቅ ይሆናሉ። ዋና የሚፈልጉ ከሆነ ገንዘብ አጠራቅመው ላንጋኖ ይሂዱ፤ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ማደር ይጠይቃል፣ ውሃውም ቡናማ ቢሆንም ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ለዋና የሚመረጠው እርሱ ነው።

የረጅም መንገድ ሾፌር

ስለ ቦታዎቹ የተባለው ሁሉ መልካም ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ መንገዱ ነው። ደብረ ሊባኖስን፣ የጀማን ሸለቆና የመንዝ ጓሳን ጭላዳ ማየት የማይመኝ የለም፤ ወንጪ ሐይቅም በወሊሶ በኩል ሲደርሱት ዕፁብ ድንቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል። ነገር ግን በእነዚህ መስመሮች የጸጥታው ሁኔታ ባለፉት ዓመታት ሲለዋወጥ ስለቆየ፣ ከወር በፊት የተነገረዎትን ይዘው አይነሡ። በዋዜማው በመስመሩ የሚሠሩ ሾፌሮችን መናኸሪያ ሄደው ይጠይቁ፤ እነሱ «ዛሬ አንሄድም» ካሉ ማንም ቢያበረታታዎት አይሂዱ። ለመናገሻም ለአዳዲም ቢሆን እንዲሁ ያድርጉ፤ ቅርብ ነው ብሎ መናቅ አያስፈልግም። አዋሽ ፓርክን ያሰበ ሰው ካለም በፈንታሌ አካባቢ በ2017 ዓ.ም. የደረሰውን ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ያስታውስና የፓርኩን ሠራተኞች ደውሎ ይጠይቅ።

ኮንትራት ሲይዙ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ሾፌሩ በየቦታው የሚቆምበትን ሰዓት፣ ከአስፋልት የሚወጣበትን መንገድና የመመለሻውን ሰዓት ሳይነሡ ይስማሙበት። «እዛ ስንደርስ እንነጋገራለን» የሚል ሾፌር እዛ ሲደርስ የሚነጋገረው ገንዘብ ለማስጨመር ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ፊትዎን ወደ ቤት ያዙሩ፤ ጨለማ ሳይዝዎት ዓለም ገናን ካለፉ በቂ ነው።

የጀሞው አባወራ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ደብተሮቹን ትናንት ገዝቻለሁ፤ እናቴ ወዲያውኑ ሥራ ጀምረዋል፣ ጋጋኖን እኛ ሳንነግራቸው በድምፁ ለይተው ልጆቹን በመስኮት ጠርተዋቸዋል። የቡታጅራውን ጉዞ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ተስማምተን ለጥቅምት ወስነናል። ወደ መናገሻም መሄድ እንፈልጋለን፤ ወፍ ወዳድን የምጠይቀው እናቴን ይዤ ብሄድ የሚቀመጡበት ቦታ ያገኛሉ ወይስ ለልጆቹ ብቻ የሚሆን ጉዞ ነው?

ወፍ ወዳድ

ይዘዋቸው ይሂዱ። በሰበታ በኩልም ሆነ በአምቦ መንገድ ባለችው በመናገሻ ከተማ በኩል ከአስፋልቱ ከወጡ በኋላ መንገዱ ጠጠር ስለሆነ፣ ገና ከክረምት እንደወጣ ጭቃ ይዞ ሊያስቸግር ይችላል፤ ስለዚህ መንገዱ እስኪደርቅ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ቢቆዩ ይሻላል። ከደኑ ጽሕፈት ቤት አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ማረፍ ይችላሉ፤ ጉሬዛዎቹም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አካባቢ ባሉት ትልልቅ ዛፎች ላይ ስለሚውሉ ተራራ ሳይወጡ ያዩአቸዋል። ደጋ ነውና ወፍራም ጋቢ አይርሱ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ውርጭ ይኖራል። እርስዎና ልጆቹ ወደ ላይ ስትወጡ ከደኑ ጥበቃዎች አንዱን ይዛችሁ ውጡ፣ መንገዱ በየቦታው ስለሚከፈል ያለ መሪ ይሳሳታል። ምሳውን ደግሞ ከፍታችሁ አትተዉት፤ በአካባቢው ዝንጀሮ አለ፣ እናትዎ ዱላቸውን ይዘው ቢመጡ ሁለት ጊዜ ያገለግላቸዋል።